የእናቴ መርዶ

አባቴና እናቴ ጡረታ እንደወጡ ቤተ ክርስቲያናችን ለአንድ ዓመት የወንጌል አገልግሎት ወደ ማላዊ ላከቻቸው። ሶዶ ውስጥ ሰው ጡረታ ሲወጣ ጓሮው ገብቶ እንሰት ይኮተኩታል፣ ያለው ደግሞ ባጃጅ ገዝቶ ያከራያል። የእኔዎቹ ፓስፖርት አወጡ። አባቴ ዕድሜ ልኩን ሒሳብ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው፣ እናቴ አዋላጅ ነርስ ነበረች። በሽኝቱ ቀን መዘምራን ዘመሩ፣ ሽማግሌዎች እጅ ጫኑባቸው፣ እኔም እንደ ወጉ አለቀስኩ። ከዚያ ከላሚቱ፣ ከጓሮውና ከዘመድ አዝማዱ ጋር ቀረሁ።

ላሚቱን ቻልኳት። ያቃተኝ ዘመድ ነው።

እናቴን ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ናት፤ እናታቸው በልጅነታቸው ነው የሞተችባቸው። ይህቺ አክስቴ በዴሳ ትኖር ነበር። እናቴ ከሄደች ጥቂት ወራት እንዳለፉ አክስቴ በጠና ታመመች። ለእናቴ ልደውል ስልኬን ሳነሳ የአክስቴ ልጅ ከእጄ ላይ ወሰደው። «ምን ልታደርግ ነው? በርራ ልትመጣ ነው? ዝም ብለሽ ታስጨንቂያታለሽ» አለኝ። ትድናለች ተባለ። አልዳነችም።

ከቀብር መልስ፣ ድንኳኑ ሳይፈርስ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጓሮ ተቀመጡ። ለእናቴ መርዶው መቼ ይነገር? እኔ «ዛሬውኑ» አልኩ። ሁሉም ነውር እንደሰማ ሰው አዩኝ። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ማልዶ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዝ ጎረቤት ደጅ ቆሞ ነው የሚነገረው። ይሄ ይጠፋኛል እንዴ? ሰው ሐዘኑን ብቻውን እንዳይሰማ ተብሎ የተበጀ ደግ ልማድ ነው። ግን ልማዱን ያበጁት ሰዎች ማላዊን አላሰቧትም።

«እዛ ሆኖ ብቻውን ከሰማ ይጎዳል» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። እናቴን ማለታቸው ነው፤ በእሳቸው አማርኛ ሴቱም ወንዱም «እሱ» ነው። «አገልግሎቱም ይሰናከላል። ዓመቱ ሲያልቅ ይመጣል፣ ያን ጊዜ በደንብ አድርገን እንነግራለን።»

«ብቻዋን አይደለችም እኮ ጋሼ፣ አባዬ አብሯት አለ።»

«እንጸልይ» አሉ።

በእኛ ቤት «እንጸልይ» ከተባለ በኋላ ክርክር የለም። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ስገልጥ ጉዳዩ አልቆ ሁሉም «አሜን» ብሏል። አባቴ ለብቻው ተነገረው፣ ዝም እንዲልም ተለመነ። እሱም ዝም አለ። ከሚስቱ ጋር አንድ አልጋ እየተኛ እንዴት እንደቻለው እስካሁን አልገባኝም።

እናቴ እሁድ እሁድ ከአምልኮ መልስ በቪዲዮ ትደውላለች። ገና ሰላምታው ሳያልቅ «እህቴስ?» ትላለች።

«ደህና ናት።»

«ስልኳ ምን ሆኖ ነው?»

«ኔትወርክ የለም።»

በዚህ አገር ኔትወርክ የማይሸከመው ውሸት የለም። የእኛ ጣጣ ውሸታሞቹ አለመመካከራችን ነበር። እኔ ቢጠና ከተማ ያለችው ሌላዋ ልጇ ጋ ሄዳለች ስላት፣ የአክስቴ ልጅ ደግሞ ዓይኗን ልትታከም አረካ ሄዳለች ብሏት ኖሯል።

«ከአረካ ወጥታ ነው ቢጠና የሄደችው?» አለች እናቴ።

«አዎ።»

«በዚያ በታመመ ዓይኗ?»

ላሚቱ ገመድ በጥሳለች ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ላሚቱ ፊቴ ቆማ ታመሰኳለች። በዚያን ቀን በሽማግሌዎቹ ላይ የተናደድኩትን ያህል በሰው ላይ ተናድጄ አላውቅም። እነሱ ወስነው ቤታቸው ተኙ፤ እሁድ እሁድ እናቴን ዓይን ዓይኗን እያየሁ የምዋሸው እኔ ነኝ።

ከዚያ እናቴ ከማላዊ በሚመለስ ሰው ጨርቅ ላከች፤ የዚያ አገር ሴቶች ወገባቸው ላይ የሚያገለድሙት ባለ አበባ ጨርቅ ነው። «ለእህቴ ነው። ለብሳው ፎቶ ላኩልኝ» አለች። እዚያው ለትልቁ ሽማግሌ ደወልኩላቸውና በቃ ይነገራት አልኩ። «ትንሽ ነው የቀረው፣ ታገሺ የኔ ልጅ» አሉኝ። እኔን ለማስታገስ የሚሆን ቃል ሞልቷቸዋል።

በማግስቱ የአክስቴ ልጅ መጥቶ ጨርቁን ወሰደ። ምን እንዳደረገ ያወቅኩት ፎቶውን ለእኔም ሲልክልኝ ነው። በቁመት አክስቴን የምትመስል ጎረቤታቸውን ጨርቁን አስታጥቆ፣ ሻሽ አስሮ፣ ፊቷን ወደ እንሰቱ አዙሮ ከጀርባ አንስቷታል። «እማዬ ጓሮ ስትሠራ» ብሎ ጽፎበታል። ለእናቴም ልኮላታል።

ደውዬ የአፌን ሁሉ ተናገርኩት። የገዛ እናትህ ላይ እንዲህ ያለ ቀልድ ትቀልዳለህ ወይ አልኩት።

«ወድጄ መሰለሽ? ትልቁ ሽማግሌ ናቸው አድርግ ያሉኝ» አለኝና አለቀሰ። የምቆጣበት ሰው እንኳ አጣሁ።

በቀጣዩ እሁድ እናቴ ስለ እህቷ አልጠየቀችም። ስለ ላሚቱ ጠየቀች፣ ስለ ጎመኑ ጠየቀች፣ ደህና ሁኚ አለችኝ። የሚቀጥለውም እሁድ እንዲያው። ሽማግሌው ቤት ሄጄ «እማዬ አውቃለች» አልኳቸው።

«ማን ነገረ?»

«ማንም።»

«ካልተነገረ አላወቀም» አሉና ሻይ አስቀዱልኝ።

ዓመቱ አለቀና መጡ። የመጡ ቀን ቤቱ በሰው ሞላ፣ ቆጮው በዳጣ ቀረበ፣ ሁሉም ይስቃል። እናቴ ጠቁራ ከስታለች። ስለ እህቷ አንድም ሰው አልጠየቀችም፤ ይህ ማንንም አለማስገረሙ አበገነኝ። በማግስቱ ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች ደጅ ቆሙ። እናቴ ጥቁር ለብሳ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ነበር። ትልቁ ሽማግሌ ይህን እያዩ እንኳ ከኢዮብ ጀመሩ።

«ጋሼ፣ አይድከሙ» አለቻቸው። «ፎቶው የደረሰኝ ቀን ነው ያወቅኩት። የእህቴ ግራ ትከሻ ዝቅ ያለ ነው፤ እኔን አዝላ ስትሠራ ነው እንደዚያ የቀረው። ለዚያ አገር ሴቶች ነገርኳቸው። ስሟን እንኳ አያውቁትም። ምንጣፋቸውን ይዘው መጥተው መሬት ላይ አብረውኝ አደሩ። እኔ አልቅሼ ጨርሻለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ደጅ ያሉት ሴቶች ያልቅሱ አያልቅሱ ግራ ገባቸው። እውነቱን ለመናገር፣ እሰይ አልኩ በሆዴ። እናቴ ግን ወደ እኔ ዞረች።

«እህቴ ስትታመም ስለ እኔ ጠይቃ ነበር?»

«በየቀኑ።»

«ምን አላችኋት?»

«አገልግሎት ላይ ስለሆነች አትረበሽ አልናት።»

«እሷስ?»

«ድምጿን ብቻ አሰሙኝ አለች።»

እናቴ ከተቀመጠችበት መሬት ወረደችና ጮኸች። ትልቁ ሽማግሌ መርዶው አሁን ገና የገባት መስሏቸው እፎይ አሉ። «ይውጣለት፣ ተዉት፣ ይውጣለት» አሉ፤ ደጅ የነበሩት ሴቶችም እያለቀሱ ገቡ።