የጋሽ ደመቀ ሻንሲ

ባለፈው ወር አዳማ የሚገኘው ቤታችን የአጥር በር ከማጠፊያው ተገንጥሎ አንድ በያጅ አስጠራሁና ግቢው ውስጥ ብረት ሲቆርጥ ዋለ። እኔ እንደ ልማዴ በረንዳው ላይ ደብተር የማርም መስዬ ተቀምጬ፣ ከሰጠሁት የብየዳ ኤሌክትሮድ ምን ያህሉ በሩ ላይ እንደሚያልቅና ምን ያህሉ ወደ ቦርሳው እንደሚገባ ከመነጽሬ በላይ እከታተል ነበር። በዚህ መሀል ነው የተቆረጠው ብረት ሽታ፣ ሳንቲም ላብ ባለው እጅ ውስጥ ቆይቶ የሚተወው ዓይነት ሽታ፣ ከዝገት መከላከያው ከአንቲራስት ቀለሙ ጋር ተደባልቆ የመጣብኝ። መከታተሌን ረስቼ በሐሳብ ጅግጅጋ ገባሁ። በያጁ የቀረውን ኤሌክትሮድ ይዞት ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ አላየሁትም።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የሒሳብ መምህርት ሆኜ ከደብረ ብርሃን ጅግጅጋ ስመደብ ከተማው ካለፈው ክረምት ሁከት ገና አላገገመም ነበር፤ ጭስ ያጠቆራቸው ግድግዳዎች በየመንገዱ ቆመው ነበር፣ ሰዉም ለሰላምታ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ፊት ያጠና ነበር። እኔ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ጊዜ የተፈጠርኩ ሰው ነኝ። እናቴ ከገበያ የመጣ ቅቤ መሀሉን በስንጥር ሳትወጋ ወደ ቤት አታስገባም፤ እኔም ሰውን እንደዚያ መሀሉን ካልወጋሁ አላምንም ነበር። የተከራየሁት ሰርቪስ ቤት በር ላይ ከባለቤቱ ቁልፍ ሌላ የራሴን ሁለት ቁልፎች አስገጥሜ፣ ጠዋት ስወጣ ማጠፊያው ላይ ክር አስሬ እሄድ ነበር። ክሩ አንድም ቀን ተበጥሶ አላገኘሁትም፤ ይኸው ራሱ ያጠራጥረኝ ነበር።

የቤቱ ባለቤት ጋሽ ደመቀ ይባላሉ። አያታቸው በወታደርነት መጥተው እዚያው የቀሩ፣ እሳቸው እዚያው ተወልደው እዚያው ያረጁ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጆሯቸው ላይ ምንጊዜም እርሳስ የሚሰኩ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ሶማሊኛ ሲያወሩ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማ ሰው ከጎረቤቶቻቸው አይለያቸውም። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጃቸው ድሬዳዋ አግብታለች፤ ግቢው ውስጥ የነበርነው እሳቸውና እኔ፣ እንዲሁም ወለሉን ዝገት የበላው፣ ጎማ የሌለው፣ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ አሮጌ የቮልስ ቦዲ ብቻ ነበርን። ከቦዲው ጎን ቆርቆሮ የለበሰ ጋራዥ አለ። የእኔ መስኮት ደግሞ፣ አንዲቷ መስኮቴ፣ የምትከፈተው ወደዚያ ጋራዥ ነው።

የመጀመሪያው ነገር ሰዓቱ ነው። ጅግጅጋ ከሰዓት በኋላ ከተማው ሁሉ ጥላ ፈልጎ፣ ጫቱን ዘርግቶ፣ ትራሱን ደግፎ ይቀመጣል፤ ባጃጅ እንኳ እንደልብ አይገኝም። ጋሽ ደመቀ ጋራዣቸውን የሚከፍቱት ያኔ ነው። እኔ የጠዋት ፈረቃ አስተምሬ ስመለስ፣ ማንም ሰው ማንንም በማያይበት ሰዓት፣ ከቆርቆሮው ጀርባ ሰማያዊ የብየዳ ብርሃን ብልጭ ይላል። ለምን በዚህ ሰዓት? ከግቢያችን ፊት ለፊት ስኳርና ፓስታ የምትሸጠውን ሂቦን በዘወርዋራ ጠየቅኳት። ሂቦ ከሱቋ ሳትነሳ ስቃ፣ አዴር ደመቀ ከሚስታቸው በኋላ መኪና ነው ያገቡት፣ ሙሽራዋ ግን እግር የላትም አለችኝ። አዴር ማለት ለትልቅ ሰው የሚባል ነው፣ እንደ አጎት። ቀልዷ አላጠገበኝም። ሰው ሲስቅ አንድ ነገር እየሸፈነ ነው ብዬ የማምንበት ዘመን ነበር።

አንድ ቀን ጠሩኝና የሜትሩን ጫፍ ያዢልኝ አሉኝ። ወፍራም ቧንቧዎችን መሬት ላይ አራት ማዕዘን አድርገው አስቀምጠዋል፤ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን፣ ከዚያ ደግሞ በሌላው ሰያፍ ለካን። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ሲወጡ ጋሽ ደመቀ እርሳሱን ከጆሯቸው አውርደው መሬቱ ላይ ቁጥሩን እየጻፉ እንደ ሕፃን ፈገግ አሉ። እኔ ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ የማስተምረውን ነገር እሳቸው በብረት ማድረጋቸው ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ቢሆንም ሜትሩን ይዤ ቁጭ ባልኩበት ዓይኔ ጥግ ላይ የተደረደሩትን ጆንያዎች አይቷል። ከውጭ የመጣ ስኳር የነበረባቸው፣ ዐረብኛ የተጻፈባቸው፣ አፋቸው በገመድ የታሰረ ጆንያዎች ናቸው።

ጅግጅጋ የኖረ ሰው ጆንያና ሆዱ ባዶ የሆነ ቧንቧ አንድ ላይ ሲያይ ምን እንደሚያስብ ያውቃል። ከድንበር በሚመጣ ዕቃ የሚተዳደር ከተማ ነው፤ ተማሪዎቼ ሳይቀሩ የነዳጅ ታንክ ውስጥ ስልክ እንዴት እንደሚደበቅ፣ የመቀመጫ ስፖንጅ ተወቅሮ ምን እንደሚገባበት እንደ ተረት ያወሩልኝ ነበር። ከዚያ በኋላ መስኮቴ ሥር ተቀምጬ የፈተና ወረቀት ሳርም፣ ጋሽ ደመቀ ከጆንያው የሆነ ደቃቅ ነገር እየዘረገፉ በዱቄት ወንፊት ሲነፉት፣ ቆርቆሮ ላይ አስጥተው ነፋስ እንዳይወስደው አንሶላ ሲያለብሱት፣ ሲደርቅ ደግሞ በማንቆርቆሪያ አፍ ወደ ቧንቧው ሆድ ሲያፈሱት አየሁ። ቧንቧውን አቁመው በእንጨት መዶሻ ከታች እስከ ላይ ኳ ኳ ያደርጉትና ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጣሉ። ከዚያ አፉን በእንጨት ውታፍ ጥርቅም አድርገው ይዘጉታል። ከግማሽ በርሜል በሠሩት የከሰል እሳት ላይ በልጃቸው የፀጉር ማድረቂያ ነፋስ ሲሰጡ ያየሁ ቀን ደግሞ፣ እኚህ ሰውዬ ወይ አብደዋል ወይ ከማውቀው በላይ ብልህ ናቸው አልኩ።

መጠየቅ እችል ነበር። በራፋቸው ከበራፌ አምስት እርምጃ ነው። ግን መጠየቅ መጠርጠሬን ማሳወቅ መሰለኝ፤ ተጠርጣሪ ደግሞ ሲነቃ ዕቃውን ያሸሻል። ስለዚህ ነገሩን ለባልደረባዬ ለሰናይት ነገርኳት። ሰናይት ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ እጮኛዋ ኬላ ላይ ፈታሽ ነበር፣ እኔም ይህን እያወቅኩ ነው የነገርኳት። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ምሳ ዕቃችንን ከፍተን ስንበላ ነው። ሰማችኝና ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ግቢው ውስጥ አንቺም አለሽ እኮ» አለችኝ። «ነገ ሰውዬው ቢያዙ፣ አላየሁም ብትይ ማን ያምንሻል?»

የፈራሁት ይህንኑ ነበርና፣ ያየሁትን ሁሉ፣ ጆንያውን፣ ማንቆርቆሪያውን፣ ውታፉን፣ አንድ በአንድ ደገምኩላት። እንዳትነግረው አልለመንኳትም፤ እንድትነግረውም አላልኳት። እንዲህ ያለ ብልጠት ነበረኝ።

በሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከኬላው ሦስት ፈታሾች ከአንድ የሰፈር ኃላፊ ጋር መጡ። እኔ ክፍሌ ነበርኩ፤ መጋረጃውን ጣት የሚያህል ገለጥ አድርጌ ቆምኩ። ጋሽ ደመቀ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው አንድ በአንድ ጨበጧቸው፣ ወንበር አወጡላቸው፣ አልተቀመጡም። አንደኛው ቧንቧውን በቁልፍ መታ ሲያደርገው ድፍን ድምፅ ሰጠ። ሙሉ ነው አለ። ጋሽ ደመቀ አሸዋ መሆኑን፣ ከወንዙ እንዳመጡት፣ ቧንቧ በእሳት ሲታጠፍ እንዳይጨፈለቅ ሆዱ በአሸዋ እንደሚሞላ አስረዱ። ለራሳቸው መኪና ሻንሲ፣ ቦዲው የሚያርፍበትን የብረት አልጋ፣ እየሠሩ እንደሆነ፣ ሁለቱ ረጃጅም ጎኖች የኋላ ጎማዎቹ አክስል ላይ ሲደርሱ ሽቅብ መጉበጥ እንዳለባቸው፣ አንዱ ከሦስት ጊዜ ሙከራ በኋላ እንደተሳካላቸውና ይህኛው መንትያው እንደሆነ፣ እየዞሩ አሳዩአቸው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈች፣ ከአሮጌ መጽሔት የተቀደደች ሥዕልም አሳዩአቸው፤ መሬት የምትነካ ለመምሰል ዝቅ ያለች፣ ሞተሯ ክዳን የሌለው፣ ቀይ መኪና። እኔ ያንን ሥዕል ከዚያ በፊት አላየሁትም ነበር።

ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። አንደኛው እንዲያውም ሥዕሉን ወዶት ነበር። ግን በዕድሜ ታላቃቸው፣ ጫፉ ላይ አሸዋ ሆኖ መሀሉ ላይ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል አለ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ከመጋረጃው ጀርባ ይህንኑ ነበር ያሰብኩት። የጋሽ ደመቀን የብረት መቁረጫ ራሱን አንስተው ሰኩት። ያኔ ነው የጋሽ ደመቀ ድምፅ የተለወጠው።

«ቀጥ ባለው በኩል ቁረጡት» አሉ። «መታጠፊያውን ብቻ ተዉልኝ።»

መታጠፊያው ላይ ቆረጡት። ሰው ቁረጡ ያለውን ቦታ ትቶ አትንኩ ያለውን መቁረጥ የፈታሽ ደንብ ነው። አሸዋው ወርዶ እግራቸው ሥር ተከመረ፤ አንደኛው ቆንጠር አድርጎ በጣቶቹ መሀል አሸው፣ ከዚያ ምላሱ ላይ አደረገና ተፋው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቀኝ ነበር። ቀጥሎ ያለቀውን፣ መንትያውን፣ ባዶ መሆኑ ድምፁ የሚታወቀውን ቧንቧ ራሱ ለእርግጠኝነት ብለው እዚያው ጉብታው ላይ ለሁለት ከፈሉት። ውስጡ ምንም አልነበረም። ይቅርታ ጠይቀው ሄዱ፣ ጋሽ ደመቀም እስከ በር ሸኟቸው።

ያ ቧንቧ የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ደምበል ወረዳ ጥለውት የሄዱት፣ ጋሽ ደመቀ በልመናና በጭነት መኪና ሾፌሮች ወዳጅነት ያስመጡት፣ ዳግም የማይገኝ ወፍራም ብረት እንደነበር ሂቦ ናት በኋላ የነገረችኝ። መኪናዋን ሊሠሩለት የነበረውም ጉዞ ረጅም አልነበረም። ሰላሳ አምስት ዓመት የሰው መኪና ነድቼ፣ አንድ ቀን በራሴ እጅ በሠራኋት ካራማራን ወጥቼ፣ ባቢሌ ወርጄ፣ ኦቾሎኒ ገዝቼ እመለሳለሁ ይሉ ነበር አለችኝ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። እኔ ከሂቦ በቀር ማንንም አልጠየቅኩም፤ እሷንም የጠየቅኳት በንግግሯ ልይዛት ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ጋሽ ደመቀ በሬን አንኳኩ። የመስኮቴ ማጠፊያ እንደላላ ነግሬያቸው ነበርና መፍቻ ይዘው መጥተዋል። ብሎኑን አጠበቁ፣ መስኮቱን ሁለት ጊዜ ከፍተው ዘጉ፣ ከዚያ እንደከፈቱት ቆመው ወደ ውጭ አዩ። ከዚያ ሆኖ ጋራዡ፣ የከሰሉ በርሜል፣ የተቆረጡት ቧንቧዎች፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ከዚህ ለካ በደንብ ይታያል» አሉ።

መፍቻቸውን ኪሳቸው ከተው ወጡ። ዛሬ ነፋስ አለ እንዳሉኝ ያህል በቀስታ ነበር የተናገሩት፤ እኔ ግን እስከ ማታ ከአልጋዬ ጫፍ አልተነሳሁም። ከዚያ በኋላም አንድ ዓመት ከመንፈቅ እዚያ ኖሬአለሁ። ሰላምታቸው አልጎደለም፣ ውኃ ስትመጣ በርሜሌን ይሞሉልኝ ነበር፣ ዐውደ ዓመት ሲሆን ይጠሩኝ ነበር። ጋራዡን ግን ከዚያ ወዲያ አልከፈቱትም። ከሰዓት በኋላ እንደ ከተማው ሁሉ ጥላ ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ይቀመጣሉ፣ እኔም በጸጥታው ወረቀቴን አርማለሁ። ስዛወር ሻንጣዬን እስከ መኪናው ተሸከሙልኝ። ልነግራቸው አፌን ከፍቼ፣ ደህና ይሁኑ ብዬ ዘጋሁት።

ባለፈው ወር ያ በያጅ አዳማ ቤታችን የመጣ ዕለት ማታ ሂቦ ጋ ደወልኩ። ቮልሱ ለቁራጭ ብረት ተሽጧል አለችኝ፤ ቧንቧዎቹን ግን አዴር ሲሄዱ ለእሷ ሰጥተዋት የሱቋን ጥላ አቁማባቸዋለች። እሳቸው ድሬዳዋ ልጃቸው ጋ ናቸው። ቁጥሩን ሰጠችኝ፤ በማግስቱ ደወልኩ፣ ማንነቴን ነገርኳቸው፣ በአንድ ትንፋሽም፣ ያኔ ስለ ቧንቧዎቹ የተናገርኩት እኔ ነኝ አልኳቸው።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ። ቀጥለውም፣ «አሸዋው መድረቅ ያለበት ለምን እንደሆነ ግን ታውቂያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

አላውቅም አልኩ። ከዚያ ጀመሩ። እርጥበት ካለው እሳቱ ላይ እንፋሎት ሆኖ ውታፉን እንደ ጥይት እንደሚያስፈነጥረው፣ በመዶሻ የሚመታው አሸዋው እየተጠቀጠቀ እንዲወርድ መሆኑን፣ ሲሞላ ድምፁ ከደወል ወደ ግንድ እንደሚለወጥና ጆሮ የሚጠጋው ያንን ለመስማት እንደሆነ፣ ብረቱ የበሰለ በርበሬ ሲመስል ጊዜ ሳይሰጡ ግን ሳይቸኩሉ ማጠፍ እንደሚገባ፣ የፀጉር ማድረቂያው ከወናፍ ለምን እንደሚሻል፣ መጀመሪያዎቹ ሦስቱ የት የት ላይ እንደተበላሹባቸው፣ ሁሉንም። ድምፃቸው እየሞቀ፣ እየፈጠነ፣ አንዳንዴ ልጃቸው ሻይ ይዛ ስትገባ ቆይ እያሏት፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስረዱኝ። እኔ አዎ፣ እሺ፣ ከዚያስ እያልኩ አለቀስኩ፤ እሳቸው አልሰሙም ወይም እንዳልሰሙ ሆኑ።

ብረቱ ያሳዝነኛል፣ ባቢሌ ያልደረሰው ጉዞም ያሳዝነኛል። ስልኩን ስዘጋ ግን የከበደኝ ሌላ ነው። ጋሽ ደመቀ ያንን ሁሉ ወሬ ይዘው፣ የሚጠይቃቸው ሰው ጠፍቶ፣ ስንት ከሰዓት በኋላ ከመስኮቴ ሥር ብቻቸውን ቆመው ነበር።