ያረረው ዳቦ የደረሰው ልጅ

ትናንት ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰውዬ ከቤቴል በታክሲ መጥቶ በሬን አንኳኳ። የልጅ ልጄ ምሕረት ያጠፉ ልጆች የሚታረሙበት ቤት ልትቀጠር አመልክታለች፤ ሰውዬው ጠባይዋን ሊያጣራ ነው የመጣው። ተቀመጠና፣ «እማማ፣ ትቆጣለች? ትማታለች? ከልጆቹ መሀል ዘመድ አላት?» ይለኛል። የመጨረሻዋን ሲጠይቀኝ ሳቄ አመለጠኝ። ጠረጠረኝ መሰለኝ፣ እስክሪብቶውን አቆመ። ይጠርጥር! እኔንም በልጅነቴ እንዲሁ አጣርተውኛል፣ ያውም በጥልያን ጊዜ።

ያኔ ኮልፌ ባሕር ዛፍና ጭቃ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ደምሴ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ በአስኮ መንገድ ከቆመ ካሚዮን ላይ ጋሌጣ፣ ያን ድንጋይ የመሰለ የወታደር ብስኩት፣ ሲያወርድ ተያዘ። ጥልያን ሌባ ልጆችን የሚያጉርበት ግቢ አስገቡት። ጠያቂ አይገባም። ክረምቱ ብርድ ነው፣ ልጁ ደግሞ ደረቱን ያመዋል፤ እናቴ እህል እንቢ አላት። ኋላ የግቢው ወጥ ቤት ሴት ይፈልጋል ሲባል ሰማሁና ሄድኩ። የታሳሪ ዘመድ አይቀጥሩም፤ ዋሽቶ የተያዘ ደግሞ እዚያው ይታሰራል።

የጥልያኖቹ አስተርጓሚ አፋጠጠኝ።

«ሽፍታ ዘመድ አለሽ?»

«ከየት አምጥቼ?»

«እዚህ ግቢ የምታውቂው ልጅ አለ?»

«ማንን አውቃለሁ?»

የአባቴን ስም እንኳ ቀይሬ ነው የነገርኩት፣ ነፍሱን ይማረውና! እጄን ገልብጦ አየ፣ ራሴን ለቅማል ፈተሸ፣ ከዚያ ለወጥ ቤቱ አዛዥ ለእትዬ ብርቄ አስረከበኝ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ዓይኗ የማያርፍ ሴት ናት። ባንዳ ናት ብዬ ወዲያው ደመደምኩ።

አንድ ቅርጫት ፉርኖ ዳቦ አስታቀፈችኝና ልጆቹን አሰለፈች። «አንድ አንድ ስጪ፣» ብላ ደጃፉ ላይ ቆመች። የምታየው ዳቦውን አይደለም፣ ፊቴን ነው። የደምሴ ተራ ደረሰ። አፉን ሊከፍት ሲል፣ «ምን ታፈጥብኛለህ፣ አንተ አይጥ! ዳቦ አይተህ አታውቅም?» አልኩና ቅርጫቱን አገላብጬ ከሰል የመሰለውን ሰጠሁት። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። እኔ እቴ በሆዴ ኮራሁ። ተጠራጣሪ ሁሉ የሚፈልገው አድልዎ ነው፤ ጭካኔን ማን ይጠረጥራል?

አድዬ ስጨርስ እትዬ ብርቄ ከእንጨት ክምሩ ጀርባ ጠራችኝ።

«ወንድምሽ ነው?»

«የቱ?»

«ያረረውን የሰጠሽው። አንቺ ልጅ፣ ለባዕድ ሲሆን ይሉኝታ ይይዝሻል። ያረረ መርጠሽ የምትሰጪው ለቤትሽ ሰው ነው።»

አስያዘችኝ አልኩ። እሷ ግን ሽርጥ ወረወረችልኝ። «ነገ እኩል አርጊ። ጥልያኖቹም ዓይን አላቸው።»

አላመንኳትም። ለምን ማረችኝ? ቀን ጠብቃ ልትሸጠኝ ነው ብዬ የሄደችበትን ሁሉ በዓይኔ ተከተልኩ፤ ወጥ ስትቀዳ፣ በር ስትዘጋ፣ ከአስተርጓሚው ጋር ስትንሾካሸክ። በሳምንቱ ደረስኩባት። ዳቦውን እኩል ታድላለች፤ ግን እያንዳንዱን ልጅ ቀና ብላ ስታይ፣ አንዱን ጥርሰ ገጣጣ ልጅ አንድም ቀን አታየውም።

«እትዬ፣ ልጅሽ ነው?» አልኳት።

«የቱ?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ እሷም የእኔን፣ እኔም የእሷን ምስጢር ጠበቅን። እኔም ደምሴን በድብቅ ትኩስ ትኩስ እያጠጣሁ ክረምቱን አሻገርኩት፤ በመስከረም ተለቀቀ። ሽማግሌ ሆኖ እንኳ «ከሰል ያበላሽኝ!» ማለቱን አልተወም።

«ታዲያ እማማ፣ ሁሉንም ልጅ እኩል ታያለች?» አለኝ የትናንቱ ሰውዬ።

«ታያለች። አንዱ ላይ ያለ ነገሩ ስትጨክን ካያችኋት ግን ጠይቋት።»

ሳቀ እንጂ አልጻፈውም። እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። ምሕረትን ከጓዳ ጠራሁና ድፎ ዳቦ ቆረስኩ፤ ለእሱ ከመሀሉ፣ ለእሷ ያረረውን ቅርፊት። ሰውዬው ሳህኗን አየ፣ እኔን አየ፣ እስክሪብቶውን መልሶ አወጣ።