በሻይ ዕረፍት የዳነው ምዕራፍ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ አቶ ጌታሁን የተሰብሳቢዎች ስም የተጻፈባቸውን ካርዶች ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉና «በይ ደርድሪ» አሉኝ። ቢሮአችን ወሎ ሰፈር፣ ከአንድ ጋራዥ በላይ ነበር። የኤሌክትሪክ ኃይል ባለሙያዎችን ከየመሥሪያ ቤቱ ሰብስበን እናወያያለን፤ የተስማሙበትን የፖሊሲ ረቂቅ አድርገን ለመንግሥት እናቀርባለን። እኔ አስተባባሪ ነኝ። ደብዳቤ መበተን፣ አዳራሽ መያዝ፣ ቃለ ጉባኤ መጻፍ የኔ ድርሻ ነው።

ካርዶቹን በሀ ሁ ተራ ደረደርኳቸው። ስማቸው በ«ዘ» የሚጀምር አንድ ምክትል ዳይሬክተር ከበሩ ሥር፣ ከጀማሪ ኤክስፐርት ጎን ደረሳቸው። ወጥተው መኪናቸው ውስጥ ተቀመጡ። አቶ ጌታሁን ወርደው፣ ለምነው መለሷቸው።

«ንግስት፣» አሉኝ በኋላ፣ «እኛ የምንሰበስበው ሰው እንዳይመስልሽ፤ ወንበር ነው።»

በማግስቱ የማዕረግ ቅደም ተከተል አስጠኑኝ። እስከ ዛሬ ሠርግ ቤት ስገባ ማን ማን ጎን እንደተቀመጠ ሳላይ አላልፍም።

ዘመኑ የግንባታ ነበር። ቦሌ መንገድ ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ በታሰረባቸው ጅምር ፎቆች ተሞልቷል፤ ፋብሪካው ሁሉ መብራት ስጡኝ ይላል። እኔም ቀን ስለ ኃይል ዋስትና ቃለ ጉባኤ ስጽፍ ውዬ፣ ማታ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ስገባ ሻማ እለኩሳለሁ። ሥራዬን ግን እወደው ነበር።

ከሁሉም የማልረሳው የአንዱን ረቂቅ «የደረቅ ዓመት» ምዕራፍ ነው። የጻፉት ዶክተር ሂሩት የዝናብና የግድብ ውሃ ተመራማሪ ናቸው። መብራታችን ከግድብ ነው፣ ዝናብ የቀረ ዓመት ፋብሪካውም ቤቱም ይጨልማል፣ ስለዚህ ነፋስና የከርሰ ምድር እንፋሎት ፖሊሲው ውስጥ ይግቡ ነው የሚሉት። ዓመታት ለፍተውበታል።

እንቅፋቱ ኢንጂነር ተስፋዬ ነበሩ። ኃይል አመንጪውን መሥሪያ ቤት ወክለው ይመጣሉ። ተራቸው ሲደርስ ማይኩን ጠጋ አድርገው «መሥሪያ ቤታችን በዚህ ምዕራፍ አይስማማም፤ አዳዲስ ግድቦች እየመጡ ነው» ይሉና ይዘጉታል። በአሠራራችን ደግሞ አንድ መሥሪያ ቤት የተቃወመው ሐሳብ ከረቂቁ ይወጣል። አንድ ስብሰባ ብቻ ሲቀር ምዕራፉ ሊጣል ነበር።

ከመጨረሻው በፊት ባለው ስብሰባ ዶክተር ሂሩት እየተናገሩ ሳለ መብራት ጠፋ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሻይ ይጠጣ ተብሎ ሁሉም ወደ በረንዳ ወጣ።

ሳምቡሳው ለሁሉም መድረሱን ለማየት ስዞር ዶክተሯንና ኢንጂነሩን ጥግ ላይ አየኋቸው። ለካ ዩኒቨርሲቲ አብረው ነው የተማሩት።

«ሂሩትዬ፣ ያልሽው እኮ ልክ ነው፣» ይላሉ ኢንጂነሩ። «ነፋሱ የሚበረታው በበጋ ነው፣ ውሃው ሲቀንስ። ግድቡን ያሳርፍልናል።»

«ታዲያ ውስጥ ለምን አትለውም?»

«ውስጥ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ እንዴ? መሥሪያ ቤቱ ነው። አንቺም ብትሆኚ ምዕራፉን በግድብ ወቀሳ ነው የጀመርሽው። ያንን ይዤ አለቆቼ ፊት ልቁም?»

የሻይ ሲኒዬን እንደያዝኩ ወደ አቶ ጌታሁን ሄድኩ።

«የመጨረሻውን ስብሰባ ሻይ ዕረፍት እናድርገው፣» አልኳቸው።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«መድረክ አይኖርም፣ ካርድ አይኖርም፣ እኔም ማን ምን እንዳለ አልጽፍም። ባለሙያዎቹ ብቻ ተቀምጠው ረቂቁን ያርሙ። ለአለቆቻቸው የሚያሳዩት ከዚያ በኋላ ነው።»

«ዳይሬክተሮቹ ቢቀየሙስ?»

«የመዝጊያ ንግግር እንሰጣቸዋለን እኮ! ሌላ ምን ይፈልጋሉ?»

አቶ ጌታሁን ሳቁ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና «ከተበላሸ አንቺ ነሽ ያልሽው» ብለው ፈቀዱልኝ።

የሆቴሉን ጓሮ ክፍል ያዝኩ። ጠዋቱ በከንቱ አለፈ፤ ሁሉም ከልማድ የበላይ እስኪናገር ይጠብቃል፤ የበላይ ደግሞ የለም። በጭንቀት ውሃ መቅዳት አበዛሁ። በመጨረሻ ኢንጂነር ተስፋዬ ኮታቸውን አወለቁና እስክሪብቶ አነሱ። ከምሳ በኋላ ጭቅጭቁ ከመድመቁ የተነሳ አስተናጋጁ ምን ተፈጠረ ብሎ በሩን ከፈተ። እኔ ግን ደስ አለኝ።

ኢንጂነሩ የዶክተሯን የመጀመሪያ ገጽ ከላይ እስከ ታች ሰረዙት።

«የለፋሁበትን!» ብለው ጮኹ ዶክተሯ።

«አለቆቼ እዚህ ገጽ ላይ ነው ማንበብ የሚያቆሙት። ቀጥሎ ያለውን እንዲያነቡልሽ ነው፣» አሉና በምትኩ በረንዳ ላይ ያሉትን ጻፉ፤ በበጋ ነፋሱ ግድቡን እንደሚያሳርፍ።

የታረመውን ረቂቅ እያንዳንዱ ባለሙያ ለአለቆቹ ወስዶ አሳየ። በመዝጊያው ቀን ዳይሬክተሮቹ በየማዕረጋቸው ተቀመጡ። ኢንጂነር ተስፋዬ ማይኩን ጠጋ አደረጉ።

«መሥሪያ ቤታችን ይህን ምዕራፍ ይደግፋል፣» አሉ።

ዶክተር ሂሩት አንገታቸውን ደፍተው ቦርሳቸው ውስጥ መሐረብ ሲፈልጉ አየሁ። ስንወጣ ጠራኋቸው።

«ዶክተር፣ ቅር አለዎት እንዴ?»

«የመግቢያዬ ነገር ቅር ብሎኛል፣» አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ግን ምዕራፉ ገባ፣ ንግስት። ገባ እኮ!»

ከዚያ በኋላ እስከ ዛሬ ስብሰባ የማዘጋጀው በዚሁ መንገድ ነው። ባለሙያ የሚያውቀውን መጀመሪያ አለቃው በሌለበት ይናገረው። ለአለቃው እንዴት እንደሚነግረው ራሱ ያውቅበታል።