ካንደላሪያና ፈረንጇ ስፓኒሽ ሲለማመዱ

ጎረቤቴ ካንደላሪያ ቾክ የመቀነት ሸማኔ ናት። የሽመና ዕቃዋን አንዱን ጫፍ ከግድግዳ፣ ሌላውን ከወገቧ አስራ ስትቀመጥ እጇን የሚስተካከል በመንደራችን የለም። አፏም በእናት ቋንቋችን በኪቼ ከሆነ እንደ እጇ ነው፤ የከተማው ቋንቋ ስፓኒሽ ሲመጣ ግን ይቆለፋል።

ምክንያት ነበራት። በአሥራ አራት ዓመቷ ዋና ከተማ ሄዳ ሰው ቤት ተቀጥራ ነበር። በኪቼ ወንድና ሴት የሚለይ አነጋገር የለም፤ እሷም በስፓኒሽ «ጌታዬ መጣች»፣ «ዶሮው እንቁላል ጣለ» ስትል የቤቱ ልጆች እየተከተሉ ያሾፉባታል። እመቤቲቱ ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጠርታ «እስቲ ንገሪያቸው» ትላታለች። ከአምስት ዓመት በኋላ ስትመለስ በዚያ ቋንቋ ሁለተኛ ላትናገር ማለች። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ገበያ ላይ በጣቷ እየጠቆመች ኖረች።

ጤና ጣቢያው ለአንዲት የውጭ አገር በጎ ፈቃደኛ ማደሪያ ሲያፈላልግ «እኔ ጋ ትምጣ» ያለችው እሷ ናት። ልጇ ካገባች ወዲህ ክፍሉ ባዶ ነው። ገርሞኝ ብጠይቃት፣

«ፈረንጅ ናት፤ እሷም አትችል፣ እኔም አልችል። ተስማምተን ዝም እንላለን» አለችኝ።

የመጣችው ግን ዝም የምትል አልነበረችም። ሚርያ ትባላለች፤ ከፊንላንድ የመጣች ነርስ ናት። ከቁመቷ የተነሳ በመጀመሪያው ሳምንት ግንባሯን ሦስቴ ከበሩ ጉበን ጋር አጋጨች። የበቆሎ ቂጣ በሹካ ልትበላ ስትታገል አይተናል። ጓሮ ያለው የእንፋሎት ቤት ውስጥ ስትገባ ግን ሌላ ሰው ሆነች። ካንደላሪያ እንኳ ሙቀቱ በዝቶባት ስትወጣ፣ እሷ እዚያው ተዘርግታ «አገሬ! አገሬ!» ትላለች። በአገሯ እንዲህ ያለ ቤት በየሰፈሩ አለ አሉ።

እራት ላይ ደብተር ይዛ ትቀመጣለች። «ይሄ ምንድነው? ያስ?» ካንደላሪያ እንግዳዋን በዝምታ ማሳፈር አልሆነላትምና መሐላዋ በሁለተኛው ቀን ፈረሰ። የሚርያ የእናት ቋንቋም ወንድና ሴት አይለይም ኖሯል! ሁለቱ ይከራከሩና በአጥሩ በላይ ይጠሩኛል፤ ባለሱቅ ስለሆንኩ ስፓኒሽ ይሻለኛል።

«ኢላሪያ! ነይ ፍረጂን! ማንኪያ ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት ናት።»

«ቢላዋስ?»

«ወንድ።»

«አይ፣ ይሄስ ገብቶኛል» አለች ካንደላሪያ በኪቼ። «ጥሎበት መቁረጥ ይወዳል።»

ከቤት ውጭ ግን አሁንም ትንፍሽ አትልም። ሚርያ ደግሞ ያገኘችውን ሁሉ ታናግራለች። አንድ የገበያ ቀን የመንደራችንን ሽማግሌ ዶን አንሴልሞን፣

«ዶን አንሴልሞ፣ እንዴት አደርሽ?» አለቻቸው።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «እግዜር ይመስገን ልጄ፣ ከነባሌ ደህና ነኝ» አሉ።

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው ራሷ ሚርያ ናት። ካንደላሪያ ያን ቀን ቂጣ እየጠፈጠፈች፣ «ሲስቁባት አብራ ትስቃለች። ምን ዓይነት ሰው ናት?» አለችኝ። የጠየቀችኝ እኔን አልመሰለኝም።

በአምስተኛው ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሚርያ እየሮጠች መጣች። ከላይኛው ተራራ የመጣች እናት የሦስት ዓመት ልጇን ይዛ ጤና ጣቢያ ገብታለች። ልጁ አፍንጫው መፍሰስ ከጀመረ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ የጉንፋን መድኃኒት ሁለቴ ተሰጥቶት አልተሻለውም። እናቲቱ ከኪቼ ሌላ አትሰማም፣ አስተርጓሚዋ ደግሞ ወልዳ አራስ ቤት ናት።

«እኔ? እዚያ ሄጄ መሳቂያ ልሁን?» አለች ካንደላሪያ ከሽመና ዕቃዋ ሳትነሳ።

«እኔ ላይ በየቀኑ ይስቃሉ» አለች ሚርያ። «በላሁ፣ ተኛሁ፣ ወፈርኩ። ተነሺ!»

ስፓኒሽ የሚሻለኝ እኔ አጠገባቸው ቆሜ፣ ወገቧን ፈትታ የጎተተችው እሷን ነው። እኔም ወሬ እንዳያመልጠኝ ሱቄን ዘግቼ ተከተልኩ።

እናቲቱ የኪቼ ሰው ስታገኝ የሁለት ሳምንቱን ሁሉ አንድ ላይ ዘረገፈችው። ካንደላሪያ ሰምታ ጨረሰች። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ጨምድዳ ይዛ ቆመች።

«ዶክተር» አለች በመጨረሻ፣ «ልጁ… ቦሎቄ ከተተች። አፍንጫዋ ውስጥ።»

መዝገብ ያዡ ሊስቅ አፉን ከፈተ። ሚርያ ስህተቱ ሳይታወቃት «አዎን! ከተተች!» ብላ ከልቧ ደገመችው። ዶክተሩ አልሳቀም፤ ባትሪና መቆንጠጫውን አነሳ። ልጁ ጮኸ፣ አስነጠሰ፤ ከዚያ አንዲት ያበጠች ጥቁር ቦሎቄ ወጣች። ቡቃያ አውጥታለች!

ካንደላሪያ ቀረብ ብላ አየቻት። «ለመተከል ደርሳለች» አለች በስፓኒሽ።

ዶክተሩ ሳቀ፣ ሁላችንም ሳቅን፣ ካንደላሪያም ሆዷን ይዛ ሳቀች። በዚያ ቋንቋ ስትቀልድ ሰምቼ አላውቅም።

«ዶኛ ካንደላሪያ፣ ነገስ ይመጡልናል?» አላት ዶክተሩ እንደ ወይዘሮ አክብሮ።

«የሽመና ዕቃዬን ይዤ ከሆነ።»

ይዛ ሄደች። በሳምንት ሦስት ጠዋት ከጤና ጣቢያው በረንዳ ምሰሶ አስራ ትሸምናለች፤ ሲጠሯት ፈትታ ትገባለች። ሚርያ አሥራ አራት ወር ቆይታ ስትሄድ ካንደላሪያ አለቀሰች፤ አሁን በየእሁዱ በስልክ ትጮኽባታለች፣ ፊንላንድ ሩቅ ነው ብላ።

ባለፈው ሐሙስ አብረን ወደ ከተማ ስንወርድ የአውቶቡሱ ረዳት ቦታ የለም ብሎ ሊያቆማት ሞከረ። በስፓኒሽ አንድ ሁለት ስትለው ቦታ ተገኘላት። ተቀምጣም አልተወችውም፤ ስለ እናቱ፣ ስለ አስተዳደጉ፣ ስለ ሸሚዙ ቁልፍ ሳይቀር እየጠየቀች እስክንደርስ መከረችው። እኔ በመስኮት የበቆሎ ማሳውን እያየሁ እሰማ ነበር።