በንጋት የወሰድነው ድምፅ

ዘመኑን ልክ አድርጌ አላስታውሰውም። እኔ ከሚሊኒየሙ በፊት ነው እላለሁ፣ ባለቤቴ በኋላ ነው ትላለች፤ የምንስማማው ቦና የምንለው የመኸሩ ስንዴ ደርሶ ኮምባይነሩ በየማሳው ይጮህ እንደነበር ብቻ ነው። ነገሩን የቀሰቀሰብኝ በቀደም ከሮቤ ወደ ጎባ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ነው። ከፊቴ የተቀመጠች አንዲት እናት ስልኳን ፊቷ ላይ ደቅና ዓረብ አገር ካለች ልጇ ጋር ታወራለች። ልጅቱ እዚያ ሆና የጣደችውን ድስት ታሳያታለች፣ እናቲቱ እዚህ ሆና ሽንኩርቱ አልበሰለም፣ አትቸኩዪ ትላታለች። ተሳፋሪው ጉዳዬም አላለው። ረዳቱ ሂሳብ ይሰበስባል፣ ሌላው ያንቀላፋል። እኔ ግን የምወርድበትን አልፌ ሄድኩ።

ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ ብል የሚያውቁኝ ይስቁብኛል፤ ሽበት ጀማምሮኝ ነበር። ጉልበቴ ግን ገና ነበር፣ ሮቤ ውስጥ ጋሪ እነዳለሁ። ትምህርቴ መሠረተ ትምህርት ላይ የቆመ ነው። የሱቅ ስም አንብቤ አልፋለሁ፣ ከዚያ በላይ ከመጣ እደክማለሁ። እናቴ ከጎባ በላይ፣ ወደ ሰነቴ ደጋ በሚወጣው መንገድ ዳር ባለች መንደር ትኖር ነበር። የመጨረሻ ልጇ፣ እህቴ ፋጡማ፣ ሰው ቤት ልትሠራ ዓረብ አገር ሄዳለች። መጀመሪያ ላይ ጎባ አጎቴ አማን ቤት እየደወለች ከእናቴ ጋር ይነጋገሩ ነበር። ከረመዳን ወዲህ ግን ስልኩ ዝም አለ።

እናቴ መጀመሪያ ጠየቀች። ቀጥላ ተቆጣች። በመጨረሻ መጠየቁን ተወችው፤ እኔ የፈራሁትም ያኔ ነው። ባለቤቴ ገብስ ቆልታና ፈጭታ፣ በቅቤ ያራሰችውን ጩኮ ስትልክላት፣ እናቴ በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ ለጎረቤት ትሰጠዋለች። ከቀን ቀን አለቀች። እኛ አገር ሰው ሩቅ አገር ሲሞት ዘመድ ሰምቶ ይደብቃል፤ ቀን ጠብቆ ነው የሚያረዳው። እናቴም ልጇ ሞታ የደበቅናት መስሏታል። ሄጄ ብስቅ ለምን ሳቀ ትላለች፣ ዝም ብል ምን ይዞ ነው ትላለች። በገዛ እናቴ ፊት ፊቴን የማደርግበት አጣሁ።

እንዲህ ሆነን ሳለን ከዚያ አገር የተመለሰች አንዲት የጎባ ልጅ ከፋጡማ የተላከ ዕቃ አመጣችልኝ። ሻሽ፣ ጥቂት ተምር፣ እና በጨርቅ የተጠቀለለች መዳፍ የምታህል ነገር። ፊቷ መስታወት ነው፤ ጎኗ ላይ የክብሪት እንጨት የመሰለች ብዕር ተሰክታባታለች። ስልክ አይደለችም። የእጅ ኮምፒውተር ናት አለችኝ ልጅቱ፤ ቀጠሮ ትይዛለች፣ ሙዚቃ ታጫውታለች፣ መስመር ካገኘች ኢንተርኔትም ትከፍታለች። የፋጡማ አሠሪዎች ልጅ አዲስ ስትገዛ አሮጌዋን ለፋጡማ ሰጠቻት። ውስጧ መንዙማ አለ፣ ፋጡማ ለእናቷ ብላ የቀዳችው ድምፅም አለ ብላኝ ሄደች። አከፋፈቱን እሷም አታውቀውም።

እኔ እንግዲህ የማውቀው ሬዲዮ ነው። የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ሲደክም አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፣ ሲሞቅ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ይህችንም ነካክቼ አልነሳ ስትለኝ፣ ደክሟት ነው ብዬ የበረቱ ቆርቆሮ ላይ ከባትሪ ድንጋዮቹ ጎን አሰጣኋት። ከሰዓት ሳነሳት እጄን አቃጠለችኝ። ደንግጬ በጨርቅ ይዤ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ካሴት ወደምትሸጠው ሴትዮ ሮጥኩ። በዕድሜ ከኔ ጥቂት ከፍ የምትል ሴት ናት፣ ከጉራጌ፣ ከክስታኔ አገር የመጣች፤ ስሟን ትተን እቴቴ ነበር የምንላት። ዘፈን ወደ ሲዲ የምትገለብጥበት ኮምፒውተር ስለነበራት ከእሷ ሌላ የምሄድበት ሰው አልታየኝም።

የሆነውን ስነግራት ሳቋን መያዝ አቃታት። "አንተ ባለ ጋሪ፣ በርበሬ ናት እንዴ የምታሰጣት?" አለችኝ። ከዚያ ከመሳቢያዋ ገመድ መርጣ ሰካችላት። ደግነቱ ጨርሳ አልሞተችም ነበር። ባትሪዋ አርጅቷል፣ ጭራሽ ካለቀ ደግሞ ውስጧ ያለው ሁሉ ይጠፋል ብላ አስጠነቀቀችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

ፈረሴ ገለባውን በሚበላበት ሰዓት ሱቋ በር ላይ እየተቀመጥኩ መማር ጀመርኩ። መስታወቷ ላይ ትንሽ መስቀለኛ ምልክት ታሳያለች፣ እሱን በብዕሯ ንካ ትላለች። ስትነካው ምልክቱ ወደ ሌላ ጥግ ይሸሻል፣ ደግሞ ንካ ትላለች። ልጓም የለመደ እጄ ያቺን ብዕር መያዝ አልሆንልህ አለው፣ ሁለቴ ከጣቴ አምልጣ ጭቃ ውስጥ ፈለግናት። መንዙማውን መክፈት የቻልኩ ዕለት አላፊ አግዳሚው ቆሞ ሰማ። እኔ ግን ልቤ ወደ ሌላው ነው። በማግስቱ እቴቴ ድምፁን አገኘችው፤ ነካችውና ፋጡማ ሱቁ ውስጥ ተናገረች።

ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ አለች። አሠሪዎቼ ወደ ሌላ ከተማ ሊዛወሩ ነው፣ እዚያ ስልክ አላገኝ ይሆናል፤ ዝም ብል እንዳትጨነቂ። የቤቱ ልጅ የኢንተርኔት አድራሻ ከፍታልኛለች፣ እዚህችው ኮምፒውተር ውስጥ አለ፣ መስመር ካገኛችሁ በእሱ ጻፉልኝ። እኔ ግን አድራሻው ቢቆይ ምንም አይሆንም ብዬ መጀመሪያ እናቴ ትስማ አልኩ። ያችን ድምፅ ከሰማች እህል ትቀምሳለች ብዬ አሰብኩ።

ችግሩ ባትሪው ነበር። እናቴ መንደር መብራት የለም። ሮቤም በዚያ ሰሞን መብራት በፈረቃ ነው፣ ለእኛ ሳይቆራረጥ የሚደርሰን ሌሊቱን ነው። ስለዚህ እቴቴ ስትሞላት አድራ፣ ጎህ ሲቀድ በመጀመሪያው መኪና ልንወጣ ተስማማን። በጣቴ ስላልተማመንኩ አብራኝ እንድትሄድ ለመንኳት። ጎባ ስንደርስ አጎቴ አማን የፋጡማን ድምፅ ልስማ ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ ተከተለን። እህል ሊጭን በሚወጣ አይሱዙ ላይ ተሳፈርን። የሰነቴ ብርድ ያን ጠዋት ፊት ይልጣል፣ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነጭ ሆኗል። እኔ ኮምፒውተሯን ብርድ እንዳያደክማት ብብቴ ውስጥ አድርጌ አቅፌያታለሁ። ሐሳቤ ሁሉ እዚያች ላይ ስለነበር ሌላውን አላየሁም።

እናቴ ላሟን ልታልብ ወጥታ ነበር። ቀና ስትል ከታች ሦስት ሰው ሲመጣ አየች፤ ወንድሟ ተከናንቧል፣ ልጇ እጁን ደረቱ ላይ አድርጓል፣ ከተማ የምትኖር የማታውቃት ሴት አብራ አለች። ፀሐይ ገና አልወጣችም። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ዓይነት አካሄድ ሰው ቤት የሚመጣ መርዶ ነጋሪ ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ ልጅ እንኳ የለም፤ እኛ ሦስታችን ግን ባትሪ እያልን ረሳነው። የወተቱ ጮጮ ከእጇ ወደቀ። የእናቴን ጩኸት ያን ቀን ከሰማሁ ወዲህ ሌላ ጩኸት አያስደነግጠኝም።

መንደሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። አይደለም፣ በሕይወት አለች፣ ደህና ናት ብንል ማን ይስማን። መርዶ ነጋሪም ሲጀምር እንዲሁ ነው የሚለው። በጭንቅ ኮምፒውተሯን አውጥቼ በብዕሯ ነካሁ። የፋጡማ ድምፅ ሲወጣ ሰዉ ጸጥ አለ። እናቴ መሬት ላይ እንደተቀመጠች እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ቀስ ብላ በኦሮምኛ ተናገረች።

"ያ መንዙማ የሚያወጣው ሸኽ ከሞተ ስንት ዘመኑ ነው? በየገበያው ይጮሃል። ድምፅ አይቀበርም፣ ሁሴን። ደግሞ እሷ ራሷ ዝም ብል አትጨነቂ አለችኝ። ተሰናበተችኝ እኮ።"

የባሰው ደግሞ እኔም መጠራጠር ጀመርኩ። ዕቃውን ያመጣችው ልጅ ከፋጡማ እጅ የተቀበለችው ከመምጣቷ ብዙ ቀደም ብሎ እንደነበር ነግራኛለች። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ማን ያውቃል? ድምፁ የሚነግረን የዚያን ቀን ፋጡማ ነበረች ብሎ ነው። ዛሬ አለች አይልም። ሽማግሌዎቹ ለፋጡማ ሶደቃ የሚታረደውን መነጋገር ሲጀምሩ ተዉ ለማለት ጉልበት አልነበረኝም።

እቴቴ ነጠላዋን አስተካክላ እናቴ ጎን፣ ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ሴቶቹ አላህ ያውቃል፣ ትኖራለች፣ አይዞሽ እያሉ ሲያባብሉ ጠበቀች። ከዚያ በገበያ ኦሮምኛዋ እንዲህ አለች፤

"እማማ፣ እኔ ልጅዎን አላውቃትም፣ ስለዚህ አልዋሽልዎትም። ሞታም ሊሆን ይችላል። ግን ካለች ደግሞ በቁሟ እያለቀሱላት ነው። እስከሚመጣው ጁምዓ ይስጡኝ፣ ቁርጡን ፈልጌ ላምጣልዎት።"

ሴቶቹ ደንግጠው አፋቸውን ያዙ። አጎቴ ተቆጣት። እናቴ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። ከረመዳን ጀምሮ ሞታም ሊሆን ይችላል ብሎ ፊት ለፊት የነገራት ሰው ያቺ ሴት ብቻ ነበረች። ሌሎቻችን ስናባብላት ነው የከረምነው፣ ማባበል ደግሞ ለእሷ መደበቅ ነው። "እሺ" አለቻት። "በተቀዳ ድምፅ ግን አላምንም። የምጠይቃት አለኝ፣ ራሴ እጠይቃታለሁ።" ምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም።

ሮቤ ተመልሰን ኢንተርኔት ፍለጋ ገባን። በዚያ ዘመን ኢንተርኔት በስልክ ገመድ ነበር የሚመጣው፤ ከመከፈቱ በፊት እንደ ታመመ ሰው ያቃስታል። እቴቴ ትንሿን ኮምፒውተር ከትልቁ ጋር በገመድ አያያዘቻት፣ እኔ በብዕሯ እየነካሁ ገጽ መክፈት ጀመርኩ። ገጹ ከላይ ወደ ታች እንደ ጠብታ ይወርዳል፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ መስመሩ ይቆረጣል፣ ወይ መብራቱ ይሄዳል። እንደገና ማቃሰት። እቴቴ አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል እየለቀመች፣ እናትሽ ለቅሶ ተቀምጣለች፣ በሕይወት ካለሽ በዚህ ስልክ ደውዪ ብላ የሱቁን ቁጥር ጻፈች። ከዚያ መጠበቅ ነው። ፈረሱን እየነዳሁ ሰው የሚለኝ አይሰማኝም። ሰው ካወረድኩ በኋላ ሁሉ በሱቁ በኩል እዞራለሁ፣ እቴቴ ከሩቅ አንገቷን ትነቀንቃለች፣ እመለሳለሁ።

ጁምዓ ሊደርስ ሲል፣ ስታየኝ አንገቷን ሳትነቀንቅ ቀረች። መልስ መጥቷል፤ ከጁምዓ ሶላት በኋላ እደውላለሁ ይላል። ቢሆንም ማን እንደጻፈው በምን ይታወቃል? የቤቱ ልጅ አዝናልን ብትጽፈውስ? ደስታዬን ግማሹን ብቻ ነው የተደሰትኩት።

እናቴን መንደሯ ድረስ ሄጄ፣ ከጎባ በሚኒባስ ሮቤ አምጥቼ፣ በጋሪዬ ሱቁ በር ላይ አወረድኳት። ካሴት በተደረደረበት ግድግዳ ሥር ዱካ ላይ ተቀመጠች። ውሃ እንኳ አልጠጣም አለች። ስልኩ ሲጮኽ እቴቴ አነሳችና ለእናቴ ሰጠቻት። እናቴ ገልብጣ ነበር የያዘችው፣ አቀናንላት። ሰላምታ አልሰጠችም።

"የሄድሽ ዕለት፣ መኪናው ሊነሳ ሲል፣ በጆሮሽ ምን አልኩሽ?" አለች።

እኔ ያን ዕለት እዚያው ቆሜ ነበር። እናቴ ጎንበስ ብላ አፏን በፋጡማ ጆሮ ላይ ስታደርግ በዓይኔ አይቻለሁ። ዱዓ እያደረገችላት ነው ብዬ ነበር የማስበው። ከስልኩ የሚመጣው ለእኛ አይሰማም። የእናቴን ፊት ብቻ ነው የማየው፣ ፊቷም ምንም አልነገረኝም። ቆየች። ከዚያ ነፃ እጇ ተነስቶ የእቴቴን ቀሚስ ጨበጠ።

"እሷ ናት" አለች።

ወዲያው ልጇን መገሠጽ ጀመረች። ምን እየበላሽ ነው ድምፅሽ እንዲህ የቀጠነው፣ እዚያ አገር ወተት የለም እንዴ እያለች በአንድ ትንፋሽ ትወርድባት ገባች። እቴቴ ወደ ጓዳ ዞራ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። እኔ ወጥቼ የፈረሴን አንገት አቀፍኩ።

መልሱን ፋጡማ የነገረችኝ አገሯ ከገባች በኋላ ነው፤ እናታችንን አዮ ነው የምንላት። "ምንም አላልሽኝም አዮ አልኳት። ልትናገሪ አፍሽን ከፈትሽ፣ አቃተሽ፣ ሻሼን ይዘሽ ቀረሽ።" ሊያባብላት የፈለገ ሰው ቢሆን ኖሮ አንድ ምርቃት ፈጥሮ ይነግራት ነበር። እናቴም ጥያቄውን የመረጠችው ለዚያ ነው።

እናቴ ከዚያ በኋላ ደህና ዓመታት ኖራ አረፈች፣ አላህ ይማራት። አሁን ሰው ባሕር ተሻግሮ ያለውን ዘመዱን ፊቱን እያየ ያወራዋል፣ ደግ ነው። እኔ ግን ሳስበው እናቴ በዚህ ዘመን ብትኖርም፣ የፋጡማን ፊት በመስታወት እያየችም፣ ያንኑ ጥያቄ የምትጠይቅ ይመስለኛል። መውደድ እንዲህ ተጠራጣሪ እንደሚያደርግ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ጭንቅ ውስጥ ላለ ሰው አይዞህ ማለት ቀላል መሆኑንም አላውቅም ነበር። አብሮ መሬት ላይ ተቀምጦ የማላውቀውን አላውቅም ማለት ከባዱ ነው።

ካሴት ገበያው ሲጠፋ ሱቁ ተዘጋ፣ ሴትዮዋም ወደ አገሯ ገባች ሲሉ ሰማሁ። ከእኛ ጋር ሃይማኖትም ዘርም አያገናኛትም፤ ቢሆንም በቤታችን ዱዓ ሲደረግ ስሟ ይነሳል። አስካለ ትባላለች።