ቀይ ቁጥር የተጻፈበት በርጩማ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ አሶሳ ውስጥ በአንድ የጤና ተቋም ካርድ ክፍል ስሠራ ነው። ዛሬም ጠዋት ጠዋት መግቢያው በር ላይ ስደርስ ይቆጠቁጠኛል።

የክፍላችን ወንበሮች ለእንግዶች ስብሰባ ተብለው ወደ አዳራሽ ተወሰዱና በዚያው ቀሩ። አስተዳደር ሄጄ ስጠይቅ «ታገሺ፣ ግዢ ላይ ነው» ይሉኛል። የገፋ ሆድ ግዢ ይጠብቃል እንዴ? ቀኑን ሙሉ ቆሜ ካርድ ሳወጣ ስለምውል እግሬ እያበጠ ከጫማዬ አልወጣ ይል ነበር።

አንድ ቀን እማማ ሐዋ የሚባሉ ከመንጌ ወረዳ የመጡ እናት መስኮቱ ጋ ቀረቡ። ባላቸው ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው እኛው ጋ ተኝተዋል። አስታማሚ መቀመጫ እንደማያገኝ ስለሚያውቁ የእንጨት በርጩማ ከቤታቸው ይዘው ነው የመጡት። ቆሜ አዩኝና በጎን በር ገብተው አስቀመጡልኝ።

«ልጄ፣ አንተ ተቀመጥ። ሆድ ከባድ ነው» አሉኝ። አማርኛን ኋላ የለመዱት ስለሆነ ሁሉንም ሰው «አንተ» ነው የሚሉት።

«እርስዎስ?»

«እኔ መሬት ለምዷል። ሽማግሌ ሲወጣ እኔ ይወስዳል።»

እንባዬ መጣ። ከመሥሪያ ቤቴ ሰው አንድም ተቀመጪ ያለኝ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን የንብረት ቆጠራ ተጀመረ። ምሳ በልቼ ስመለስ በርጩማዋ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎባታል። የሰው ናት ብዬ ጮህኩ። ቆጣሪው «ቢሮ ውስጥ የተገኘ ሁሉ የመንግሥት ነው» ብሎኝ ብሩሹን እንደያዘ ወደሚቀጥለው ክፍል አለፈ። የተወሰዱት ወንበሮች የት እንደገቡ ግን አልጠየቀኝም።

ሽማግሌው ባላቸው ከሕክምና የወጡ ዕለት በርጩማዋን ራሴ ለእማማ ሐዋ አስረከብኩ። ብዙም ሳይቆይ ከበሩ በኩል ጭቅጭቅ ሰማሁ። ስወጣ ጥበቃው በርጩማዋን ቀምቷቸዋል። ሽማግሌው ቁስላቸውን በእጃቸው ይዘው አጥሩን ተደግፈዋል። መሬት ላይ መቀመጥ አይችሉም፤ መናኸሪያ መኪና እስኪሞላ የሚቀመጡት እሷ ላይ ነበር።

«የእሳቸው ናት፣ እኔ ምስክር ነኝ» አልኩት።

«እህቴ፣ ቁጥር አላት። ያለ መውጫ ፈቃድ ባሳልፋት የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

ፈቃዱን የሚፈርመው ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነው። አዳራሹ ድረስ ሄጄ ሰው ላኩበት። «ይጠብቁ» አለ። በተከፈተው በር ወንበሮቻችንን አየኋቸው፤ ግማሾቹ ላይ ሰው እንኳ አልነበረም።

ስመለስ እማማ ሐዋ በር ላይ ለተሰበሰበው ሰው «እኔ ሌባ አይደለም፣ ወላሂ» እያሉ ነው። መኪናው እንዳያመልጣቸው ባላቸውን ደግፈው ሄዱ። እኔን ቀና ብለው አላዩኝም።

ወልጄ ስመለስ በርጩማዋ ለጥበቃው ተመድባ አገኘኋት። እሱም ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውል ስለነበር ልጣላው እንኳ አልቻልኩም። ጠዋት ቦርሳዬን ሊፈትሽ ከላይዋ ሲነሳ ቀዩ ቁጥር ያፈጥብኛል። መንጌ የሚሄድ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ለእማማ ሐዋ ይቅርታ እልካለሁ። በርጩማቸውን ግን እስከ ዛሬ መላክ አልቻልኩም።