ባለ አንድ ዓይን ጦር

የደብረ ማርቆስ ክረምት ቀለም አያደርቅም። ጠዋት የቀባሁትን ታንክ ከሰዓት በኋላ ስነካው ጣቴ ላይ አረንጓዴ ይቀራል፤ ታንኩ ላይ ደግሞ የጣቴ አሻራ ይቀራል። ሌላ ሰው ቢሆን ትቶት ወደ ሥራው ይሄዳል። እኔ ግን ያን ክረምት መተው የሚባል ነገር አልሆነልኝም። አነሳዋለሁ፣ እፍ እልበታለሁ፣ አስቀምጠዋለሁ፣ ተመልሼ አነሳዋለሁ። በመሃል ስልኬን አያለሁ። ከዚያ እንደገና ታንኩን።

ታንኩ ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ይበልጣል። ወታደሮቹ የሌባ ጣቴን አንድ አንጓ ያህላሉ። ነገሩን ያመጣብኝ ጓደኛዬ ነው። እሱ ገበያው አጠገብ ከአባቱ የተረከበው የቀለምና የሚስማር ሱቅ አለው፤ እኔ ታፔላ ጸሐፊ ነኝ፤ በቀለም ዋጋ ስንነታረክ ነው የተወዳጀነው። ከዱባይ የመጣ የአክስቱ ልጅ አንድ ካርቶን ግራጫ ፕላስቲክ አምጥቶለት ነበር። ስንከፍተው ሁለት ሙሉ ጦር ሆኖ ተገኘ፤ እግረኛው፣ መድፈኛው፣ ታንኩ፣ ቃሬዛ ተሸካሚው ሳይቀር። ጠረጴዛ ላይ ይሰለፋሉ፤ የሚሄዱበትን ርቀት ሜትር ይለካል፤ የተተኮሰው ይምታ ይሳት ዳይስ ይወስናል።

«የልጅ መጫወቻ ነው» አልኩት።

«መጀመሪያ ሕጉን አንብበው» አለኝ ስልኩን እየሰጠኝ። «ከዚያ የልጅ መሆኑን ትነግረኛለህ።»

አንብቤ ሳልጨርስ ተያዝኩ። በነጋታው ቴሌቪዥን ከሚታሸግበት ነጭ ፎም ተራራ እየቆረጥኩ ነበር። ቅርጹን አስቤ አላወጣሁትም፤ ስጨርስ ግን ከሮብ ገበያ ወዲያ ያለውን የጮቄን ተራራ ጀርባ መሰለ። ሰጋቱራ አረንጓዴ ነክሬ ሣር አደረግሁለት።

ጓደኛዬ ቀለም ይሸጣል እንጂ መቀባት አያውቅም። ስለዚህ ሁለቱንም ጦር፣ የእኔንም የእሱንም፣ የምቀባው እኔ ሆንኩ። ሥራው እንዲህ ነው። ክፍሎቹን በጥፍር መቁረጫ ከማቀፊያቸው ትለያለህ፣ ጠርዛቸውን በብርጭቆ ወረቀት ታሻለህ፣ በሳሙና ታጥባለህ፣ ታጣብቃለህ። ከዚያ የመደቡን ቀለም በስሱ ትቀባለህ። የመጀመሪያውን ታንክ ቲነር በልቶት አፈሙዙ እንደ ሻማ ስለጎበጠ፣ ከዚያ ወዲህ በውሃ የሚቀጥን ቀለም ብቻ ነው የምጠቀመው። ልብሱን ከቀባህ በኋላ ጠቆር ያለ ቀለም በብዙ ውሃ አቅጥነህ ታፈስበታለህ፤ እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ጥላ ይሆናል። የታንኩ ሰንሰለት ላይ የማጣብቀው ጭቃ የእውነት ጭቃ ነው፤ ከደጃችን አፈር በሻይ ማጥለያ ነፍቼ በኮላ የለወስኩት። ዓይን መጨረሻ ላይ ይመጣል። ለዓይን ብሩሽ አይሆንም፤ የስቴኪኒ ጫፍ ነው።

አባቴ ይህን ሁሉ ከመስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበራቸው ሆነው ይታዘቡኛል። እሳቸው የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበሩ። ደብረ ወርቅ ተምረው፣ በየገጠሩ ደብር እየተጠሩ መቅደሱ ግድግዳ ላይ በሚለጠፍ ሸራ ሲሥሉ ኖረው፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር እኔ ጋ ገቡ። ታፔላ መጻፌን እንደ ሥራ ቆጥረውልኝ አያውቁም። ፕላስቲኩን ሲያዩ ደግሞ ባሰባቸው።

«ደግሞ ይኼን ለማን ልታሳልመው ነው?» ይሉኛል።

ታናሽ ወንድሜ ለፋሲካ ፈቃድ አግኝቶ ሲመጣ ግን ቤቱ ሁሉ ፕላስቲክ በፕላስቲክ ሆነ። ወንድሜ ወታደር ነው፤ የእውነቱ። የት እንደነበረ፣ ምን እንዳየ ብንጠይቀው «ደህና ነው» ብሎ ይዘጋዋል። የእኔን ጠረጴዛ ሲያይ ግን አንደበቱ ተፈታ። «ታንክ እንዲህ ራቁቱን ተራራ ጫፍ ላይ አይገተርም፤ ምን ነካህ?» ብሎ ከፎሙ ኋላ አወረደልኝ። እግረኛውን አራርቆ አሰለፈ። ከዚያ ካልተቀቡት መካከል አንዱን፣ አንገቱን ቀና ያደረገውን፣ መረጠ።

«ይኼ እኔ ነኝ። ቆንጆ አድርገህ ቀባኝ፤ ደግሞ ጥቁር እንዳታደርገኝ» አለኝ። ሳቅን። በልጅነቱ ከዋርካ ወድቆ ቅንድቡ ላይ የቀረችውን ጠባሳ ሳይቀር ሠራሁለት። ስትታይ አትታይም፤ እኔ ግን መኖሯን አውቃለሁ።

ተመልሶ ሄደ። እሑድ እሑድ ይደውል ነበር። ከዚያ አንድ እሑድ ቀረ፤ የሚቀጥለውም ቀረ፤ ሰኔ አልፎ ሐምሌ ገባ። ስደውል ያቺ የስልኳ ሴትዮ ማግኘት እንደማይቻል በረጋ ድምፅ ትነግረኛለች። ሴትዮዋን ጠላኋት። እንደዚያ ተረጋግታ ምን እያወቀች ነው? «ያለበት ቦታ ኔትወርክ የለም» ይለኛል ያገኘሁት ሰው ሁሉ፣ ቦታውን እኔም እሱም ሳናውቀው።  አባቴ ስልክ በጮኸ ቁጥር አንገታቸው ይቃናል፤ ታፔላ አሠሪ መሆኑን ሲሰሙ ይመለሳል።

እኔም ሰላም አጣሁ። ታፔላ ስጽፍ ፊደል እዘላለሁ። ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ ደጅ እወጣለሁ፣ ዝናቡ ይመልሰኛል። ጨዋታው ላይ ደግሞ ባለ ጠባሳውን ከታንክ ኋላ ወሽቄ ማንም እንዳያገኘው እጠብቀው ጀመር። የሞኝ ሥራ መሆኑን አላጣሁትም።

«ይኼ ሰውዬ ደመወዝ የሚበላው በነጻ ነው?» አለኝ ጓደኛዬ አንድ ቅዳሜ፣ ከሱቁ ጓዳ ተቀምጠን ስንጫወት። ማን እንደሆነ አላወቀም። ለእሱ ወታደሮቹ ሁሉ አንድ ናቸው። ታንኩን ዞሮ ተኮሰ፤ ዳይሱ ሰጠው። ባለ ጠባሳውን ብድግ አድርጎ የሞቱት የሚጣሉበት ካርቶን ውስጥ ወረወረው።

«መልሰው!» አልኩ።

«እንዴ፣ ሕግ ነው እኮ!»

«መልሰው አልኩህ!»

ሳቀ። ጨዋታ ነውና ምን ያድርግ? እኔ ግን በክንዴ ተራራውንም ታንኩንም ጠራርጌ መሬት ጣልኩት። ባለ ጠባሳዬን ከካርቶኑ አውጥቼ ኪሴ ከትቼ፣ ደህና ዋል እንኳ ሳልል ወጣሁ። ማንን እንደገደለብኝ አልነገርኩትም። እንዲያው ጮኼበት ሄድኩ።

ቤት ስገባ የሚጠብቀኝ ከጓደኛዬ ጦር ገና ቀብቼ ያልጨረስኩት ግማሹ ነው። ልብሳቸው አልቋል፤ ዓይን ብቻ ቀርቷቸዋል። ማረፍ ስላልቻልኩ ተቀመጥኩና ስቴኪኒዬን አነሳሁ።

በአባቴ ሙያ አንድ ሥርዓት አለ። ጻድቅ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ በሁለት ዓይን ይሣላል። ክፉ ሰው፣ ይሁዳ ይሁን የጌታ ገራፊዎች፣ በጎን ይሣላል፤ አንድ ዓይን ብቻ ይታየዋል። ይህን የተማርኩት ሀሁ ሳልቆጥር ነው፤ ሸራቸው ሥር እየዳህኩ። የፕላስቲክ ወታደር ግን ሁለት ጉንጭ ስላለው በጎን አይሣልም። ስለዚህ አንዱን ዓይን ነጥቤ ሌላውን ባዶ ቆዳ አድርጌ ተውኩት። የመጀመሪያው ሲያልቅ ደስ አለኝ። ሁለተኛውንም እንደዚያ፤ ሦስተኛውንም። ሁሉንም ጨረስኩ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔን ስቴኪኒ አወጣው።

በማግስቱ ከደጅ ስመለስ አባቴ አንዱን ወታደር ወደ መስኮቱ አስጠግተው፣ በማጉያ መስተዋታቸው እያዩት ደረስኩ።

«የዚህ ሁለተኛ ዓይኑ የት ሄደ?» አሉኝ።

«እያነጣጠረ ነው፣ አባባ። አንዱን ጨፍኖት ነው።»

አስቀምጠው ሌላ አነሱ። «የዚህስ?»

«እሱም እያነጣጠረ ነው።»

«ይኼስ? ይኼ እኮ ቃሬዛ ይዟል። በቃሬዛ ነው እንዴ የሚያነጣጥረው?»

 አባቴ የሥራዬን ትርጉም አንብበውታል፤ ሥርዓቱን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

«ምን አደረጉህ?» አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

«ወንድሜን ገደሉት!» አልኩ።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ማጉያው ከእጃቸው ወደቀ።  እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ያዝኩ። «በዳይስ ነው፣ አባባ! በጨዋታው ነው! የፕላስቲኩን ነው! ምንም የሰማሁት የለም፣ ማርያምን ምንም የለም!» እያልኩ ስለፈልፍ እሳቸው ትከሻዬን ጨብጠው ይዘዋል። ያን ያህል ጊዜ አንድም ቀን በቃል ያልተነጋገርነው ፍርሃት መሃላችን ቁጭ አለ። አለቀስኩ። እሳቸውም አለቀሱ።

ከቆየ በኋላ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ ካፍህ አይውጣ።»

«እሺ፣ አባባ።»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስሥል ዓይን የነሳሁት መጽሐፍ ክፉ ሥራውን ለነገረኝ ሰው ብቻ ነው። የእነዚህን ሥራ ማን ነገረህ?» የቃሬዛውን ሰውዬ መዳፋቸው ላይ አገላበጡት። «ያ ልጅ ካለበት ማዶ ያለውም ሰው አባት ይኖረዋል፤ ወንድም ይኖረዋል። እንደ አንተ ተናዶ የተቀመጠ። የእኔን ልጅ በስንት ዓይን ነው የሚያየው ብለህ አስበሃል?»

ስቴኪኒውን አነሳሁ። ባዶ ያስቀረሁትን ጉንጭ ሁሉ እየፈለግሁ ዓይኑን መለስኩ። ከመጀመሪያው ይልቅ ይኼ ከበደኝ። የቃሬዛውን ሰውዬ አባቴ እኔ ልሥራው አሉ። ከልክያቸው አላውቅምና ሰጠኋቸው። እስትንፋሳቸውን ውጠው ነጠቡት፤ ነጥቡ ዓይኑን ስቶ ከበታቹ ጉንጩ ላይ አረፈ። እኔ በትክክለኛው ቦታ ሌላ ጨመርኩ። ጉንጩ ላይ ያለውን ልጠርገው ስል እጄን ያዙኝ።

«ተወው። ቃሬዛ የሚሸከም ሰው ሳያለቅስ አይቀርም» አሉ።

ጦሩን በካርቶን ይዤ ሱቅ ስሄድ ጓደኛዬ ለአንድ ገበሬ ሚስማር እየመዘነ ነበር። ቀና ብሎ አይቶኝ ወደ ሚዛኑ ተመለሰ። ገበሬው እስኪወጣ በር ላይ ቆምኩ። ከዚያ ባለ ጠባሳውን ከኪሴ አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አቆምኩትና ማን እንደሆነ ነገርኩት። ስልኩ እንደማይሠራም፣ አባቴን ምን እንዳደረግኋቸውም ነገርኩት።

«ታዲያ አትነግረኝም ነበር? ወላሂ ባውቅ እነካዋለሁ? ሁሉም ይመሳሰሉብኛል እኮ!» አለ። ዓይኑ ቀላ። ከዚያ ንዴቱ መጣበትና «ተራራውን ግን አንተ ነህ የምትጠግነው» አለኝ።

ጠገንኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስንሰለፍ ባለ ጠባሳውን ከታንክ ኋላ አልወሸቅሁትም። ስወሽቀው ብከርምም ከወንድሜ ስልክ አልመጣም። እንደ ሌሎቹ ሜዳው ላይ አቆምኩት፤ ወንድሜ እንዳስተማረኝ አራርቄ። ጓደኛዬ ሌላ ሌላውን ይተኩሳል እንጂ እሱን አይነካም።

«ሕግ ነው፤ ቅርብህ ያለውን ተኩስ» አልኩት።

«ይቅርብኝ።»

«ተኩስ! እንዲህ እያባበልከኝ አልጫወትም።»

ዳይሱን ሳይወድ ጣለው። ዳይስ ደግሞ የሰው ልብ አያውቅም፤ መታ። ባለ ጠባሳውን አንስቼ ካርቶኑ ውስጥ ልጨምረው እጄን ስዘረጋ ጓደኛዬ አንጓዬን ያዘ። በሌላ እጁ ሁለቱን ቃሬዛ ተሸካሚዎቹን አነሳ፤ አንደኛው ጉንጩ ላይ ነጥብ ያለበት ነው። ሜትር ሳይዘረጋ፣ ተራ ሳይጠብቅ፣ ጠረጴዛውን አቋርጦ ወንድሜ አጠገብ አደረሳቸው። ወንድሜን ቃሬዛው ላይ አጋደመው። እየጎተተ ወደራሱ ወገን ወስዶ ከታንኩ ኋላ አሳረፈው።

«ይኼ ሕጉ ላይ የለም» አልኩት። 

«እኛ ጋ ነው» አለኝ፣ ቀና ሳይል። «ቆስሏል። ሲድን ይደውላል።»

ዳይሱን ወደ እኔ ገፋው። ተራዬ ነበር።

ወንድሜ እስካሁን አልደወለም። ጓደኛዬ ጨዋታው ሲያልቅ ቃሬዛውን አላፈረሰውም፤ ወንድሜን እንደተጋደመ፣ ሁለቱ ሰዎች እንደያዙት፣ ከቫርኒሹ ጣሳ አጠገብ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው። እኔም ቀለም ሳያልቅብኝ ቀለም ልገዛ እሄዳለሁ።